ከሹዐይባ ጠረፍ እስከ ኖቤል መድረክ፦ የዑመር ያጊ ኬሚስትሪና የውሃ ጥያቄ

ከጅዳ በስተደቡብ በቀይ ባሕር ጠረፍ ላይ የምትገኘው ሹዐይባ ለኢትዮጵያ ሙስሊሞች እንግዳ ስም አይደለችም። የታሪክ ጸሐፊዎች እንደዘገቡት፣ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) በተላኩ በ5ኛው ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ615፣ የቁረይሾችን ግፍ ሸሽተው ወደ ሐበሻ ምድር የተሰደዱት የመጀመሪያዎቹ ሶሐቦች መርከብ የተሳፈሩት ከዚሁ ስፍራ ነበር። ከመካ በድብቅ ወጥተው ባሕሩ ዘንድ በደረሱ ጊዜ ሁለት የነጋዴ መርከቦች አገኙ፤ በግማሽ ዲናር ተሳፍረውም ወደ ነጃሺ ሀገር ተሻገሩ። ከነዚያ ስደተኞች አንዱ የነበሩት ዑሥማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ.) ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በኋላ፣ በኸሊፋነታቸው ዘመን፣ የመካን ወደብ ከሹዐይባ ወደ ጅዳ አዛወሩት።

ዛሬ ሹዐይባ የምትታወቀው በሁለት ታላላቅ ሥራዎች ነው። አንደኛው የባሕርን ውሃ ከጨው ለይቶ ለመካ፣ ለጅዳና ለጣኢፍ ነዋሪዎች የሚልከው ግዙፍ የማጣሪያ ፋብሪካ ነው። ሁለተኛው በአሸዋማው ሜዳ ላይ የተዘረጋው የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ነው። ሹዐይባ አንድና ሹዐይባ ሁለት የተባሉት ጣቢያዎች 600 እና 2,060 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያላቸው ሲሆኑ፣ አንድ ላይ ሲደመሩ የታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብን ግማሽ አቅም ያህላሉ።

ውሃና ፀሐይ እንዲህ ጎን ለጎን በቆሙበት ጠረፍ አንድ ጥያቄ ይነሳል። ፀሐይ ትጠልቃለች፤ ሰው ግን በሌሊትም መብራት፣ ማቀዝቀዣ፣ የፋብሪካ እሳት ይሻል። ታዲያ የቀኑን ብርሃን ለሌሊት፣ የዚህን ሀገር ፀሐይ ለሌላ ሀገር እንዴት አድርጎ ማቆየትና መላክ ይቻላል? መሐንዲሶች አንድ መልስ አላቸው፤ በኤሌክትሪክ ውሃን ሰንጥቆ ሃይድሮጅን ማውጣት፣ ከዚያም ሃይድሮጅኑን እንደ ነዳጅ ማከማቸት ነው። የዚህ መልስ ቁልፍ ያለው ግን በኬሚስቶች እጅ ነው።

ጎህ ሲቀድ ቧንቧ የሚከፍተው ልጅ

መስከረም 28 ቀን 2018 ዓ.ም. የስዊድን ንጉሣዊ የሳይንስ አካዳሚ የዓመቱን የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ለሦስት ሰዎች መስጠቱን አስታወቀ፤ ለጃፓናዊው ሱሱሙ ኪታጋዋ፣ በአውስትራሊያ ለሚሠሩት ሪቻርድ ሮብሰንና ለፕሮፌሰር ዑመር ያጊ። ያጊ እ.ኤ.አ. በ2021 በንጉሣዊ ድንጋጌ የሳዑዲ ዓረቢያ ዜግነት የተሰጣቸው በመሆናቸው ዜናው በጅዳና በመካ፣ በሪያድና በደማም በታላቅ ደስታ ተሰማ። ከዚያ አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2015፣ የንጉሥ ፈይሰልን የሳይንስ ሽልማት ከስዊዘርላንዱ ኬሚስት ሚካኤል ግሬትሰል ጋር ተጋርተዋል።

የሰውየው መነሻ ከዚህ ክብር እጅግ የራቀ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በዐማን ከፍልስጤማውያን ስደተኞች ተወለዱ። ቤተሰቡ ብዙ ሆኖ በአንድ ጠባብ ክፍል ይኖር ነበር፤ ከብቶችም በዚያው ጣሪያ ሥር ያድሩ ነበር። መብራት የለም፤ የቧንቧ ውሃ በየቤቱ አይገባም። አባታቸው ከስድስተኛ ክፍል አላለፉም፤ እናታቸው ማንበብና መጻፍ አይችሉም ነበር። ያጊ ደጋግመው እንደተናገሩት፣ ውሃ ወደ ሰፈራቸው የሚመጣው በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ያውም ለጥቂት ሰዓታት ነበር። በዚያች ዕለት ልጁ ዑመር ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ ቧንቧውን ይከፍትና ለቤተሰቡና ለከብቶቹ የሚበቃውን ያህል ያጠራቅም ነበር።

ዐሥር ዓመት ሲሆናቸው አብዛኛውን ጊዜ ተዘግቶ ወደሚኖረው የትምህርት ቤታቸው ቤተ መጻሕፍት ሾልከው ገቡ። ከመደርደሪያው ባወረዱት መጽሐፍ ውስጥ በኳስና በዘንግ የተሳሉ የሞለኪውል ሥዕሎችን አዩ። ምንነታቸውን ባያውቁም ውበታቸው ማረካቸው። በ15 ዓመታቸው በአባታቸው ብርቱ ፍላጎት ወደ አሜሪካ ተላኩ። በኒው ዮርክ ግዛት በአንድ የማኅበረሰብ ኮሌጅ ጀምረው፣ በገበያ መደብር ዕቃ በፌስታል እየከተቱና ወለል እየወለወሉ ተማሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን፣ በ1990 ደግሞ ከኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕረጋቸውን አገኙ። ከአሪዞናና ከሚሺጋን፣ ከሎስ አንጀለስም በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ በበርክሌይ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምራሉ።

በጥቂት ግራም ውስጥ የእግር ኳስ ሜዳ

ያጊ ለሽልማት የበቁበት ሥራ ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ግንበኛ ቤት ሲሠራ ማዕዘን ላይ ዐምድ ያቆማል፤ ዐምዶቹን በአግዳሚ እንጨት ያያይዛል፤ በመካከል ክፍል ይፈጠራል። ኬሚስቱም እንዲሁ የብረት አተሞችን እንደ ዐምድ፣ ካርቦን ያለባቸውን ሞለኪውሎች እንደ አግዳሚ አድርጎ ቢያያይዛቸው ክሪስታል ይገኛል፤ የክሪስታሉም ውስጠኛ ክፍል ባዶ ይሆናል። ይህ ዓይነቱ ቁስ በሳይንሱ ዓለም «ሞፍ» በሚል አጭር ስም ይታወቃል።

ሮብሰን እ.ኤ.አ. በ1989 በመዳብ አማካይነት እንደ አልማዝ የተያያዘ ባዶ መዋቅር ሠርተው አሳዩ፤ ይሁን እንጂ በቀላሉ ይፈርስ ነበር። ኪታጋዋ በ1997 ጋዝ በመዋቅሩ ውስጥ ሊገባና ሊወጣ እንደሚችል አረጋገጡ። ያጊ በ1995 ለዚህ ቤተሰብ ዛሬ የሚጠራበትን ስም ሰጡ፤ በ1999 ደግሞ «ሞፍ አምስት» የተባለውን አቀረቡ። ይህ ቁስ ከዚንክና በተለምዶ «ሃይላንድ» የምንለው የላስቲክ ጠርሙስ ከሚሠራበት አሲድ የተገነባ ነው። እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቢሞቅ አይፈርስም። ሁለት ሦስት ግራም የሚሆነው ውስጣዊ ገጹ ቢዘረጋ የእግር ኳስ ሜዳ ያህላል።

ጥቅሙ ከዚህ ላይ ይጀምራል። ቀዳዳው ሲጠብብና ሲሰፋ፣ ብረቱ ሲቀየር፣ አንዱ ጋዝ ይገባል ሌላው ይቀራል። በአንዱ መዋቅር ውስጥ ሃይድሮጅን ይከማቻል፤ በሌላው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይያዛል፤ በሦስተኛው ከደረቅ አየር ላይ የውሃ እንፋሎት ይለቀማል። ኬሚስቱ በዘፈቀደ ከመቀላቀል ወጥቶ አስቀድሞ የነደፈውን ወደሚገነባበት ሙያ ተሻገረ ማለት ነው።

ከጅዳ በስተሰሜን የበቀለው ቅርንጫፍ

የሞፍ አምስትን የ1999 ጥናት ከያጊ ጋር በጋራ ካዘጋጁት ሰዎች አንዱ በደቡብ ሞሮኮዋ የአጋዲር ከተማ የተወለዱት ሙሐመድ አድ-ዳውዲ ናቸው። በፓሪስ የዶክትሬት ትምህርታቸውን አጠናቅቀው ከያጊ ጋር ለዓመታት ከሠሩ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የንጉሥ ዐብደላህ የሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሲመሠረት ከመጀመሪያዎቹ መምህራን አንዱ ሆነው መጡ። ዩኒቨርሲቲው የሚገኘው ከጅዳ 80 ኪሎ ሜትር ያህል በስተሰሜን፣ በመካ ክልል ውስጥ በምትገኘው በቱወል ነው። ቱወል ቀድሞ የዓሣ አጥማጆች መንደር ነበረች።

የአድ-ዳውዲ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2016 ይፋ ያደረገው የዩኒቨርሲቲውን ስም ተሸክሞ በቁጥር ሰባት የሚጠራው ቁስ ሁለት እጅግ የሚመሳሰሉ ጋዞችን፣ ፕሮፒሊንንና ፕሮፔንን፣ ይለያል። ፕሮፒሊን የላስቲክ ኢንዱስትሪ መሠረት ነው፤ ከፕሮፔን የሚለየውም እስካሁን በታላላቅ ማማዎች ውስጥ እየተነነና እየቀዘቀዘ፣ ብዙ ኃይል እየተበላ ነው። በዚያው ዓመት በታዋቂው «ኔቸር» መጽሔት የወጣ ትንታኔ፣ ኬሚካሎችን በመለየት ሥራ ላይ ብቻ ከዓለም የኃይል ፍጆታ ከ10 እስከ 15 በመቶው እንደሚውል ገልጿል። በቀጣዩ ዓመት የቀረበው ቁጥር ስምንት ደግሞ ከተፈጥሮ ጋዝ ላይ እርጥበት የሚያስወግድ ሲሆን፣ የያዘውን ውሃ በ105 ዲግሪ ገደማ ሙቀት መልቀቁ በነባሮቹ ቁሶች ላይ የሚወጣውን ኃይል ይቀንሳል።

ስለ ታዳሽ ኃይል ሲወራ ብዙ ጊዜ ስለ ማመንጨት ብቻ ይነገራል። የእነዚህ ጥናቶች ትምህርት ግን ያልባከነ ኃይልም እንደ አዲስ የመነጨ ኃይል ሊቆጠር እንደሚገባ ነው።

1 ብር ከ23 ሳንቲም የሚያወጣ ዕቃ

አሁን ወደ ሹዐይባው ጥያቄ እንመለስ። አንድ ኪሎ ግራም ሃይድሮጅን ለማግኘት ዘጠኝ ሊትር ንጹሕ ውሃ መሰንጠቅ ያስፈልጋል። ለዚህም በዛሬ መሣሪያዎች ከ50 እስከ 55 ኪሎ ዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይወጣል። አንዳንድ ሰዎች «በረሃማ ሀገር ውሃውን ከየት ታመጣዋለች?» ብለው ይጠይቃሉ። ሒሳቡ ግን የሚያስገርም ነው። ዘመናዊ ማጣሪያ አንድ ሜትር ኩብ የባሕር ውሃን ለማጥራት ከሦስት እስከ አራት ኪሎ ዋት ሰዓት ይወስዳል። እንግዲህ ለዘጠኙ ሊትር የሚያስፈልገው ኃይል ለስንጠቃው ከሚያስፈልገው አንድ ሺኛ እንኳ አይሞላም። ውድ የሆነው ውሃውን መሰንጠቁ ነው።

ምክንያቱ እንዲህ ነው። በተፈጥሮ ሕግ ውሃን ለመሰንጠቅ 1.23 ቮልት ይበቃል። በፋብሪካ ግን ከ1.8 እስከ 2 ቮልት ይጠየቃል። 1 ብር ከ23 ሳንቲም የሚያወጣን ዕቃ በ1 ብር ከ80 እንደመግዛት ነው፤ ትርፉ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ኪሳራው የሚበዛው ኦክስጅን በሚወጣበት ወገን ነው፤ አንድ የኦክስጅን ሞለኪውል እንዲፈጠር አራት ኤሌክትሮኖች በየተራ መነሣት አለባቸው፤ ይህም ዘገምተኛ ሥራ ነው።

መካን የሚያውቅ ሰው ይህን በምሳሌ በቀላሉ ይረዳዋል። ቅድስቲቱ ከተማ በተራሮች የተከበበች ናት፤ ጥንት ከአንዱ ሸለቆ ወደ ሌላው ለመሻገር ተራራ መውጣትና መውረድ ነበረበት። ዛሬ መንገዱ በዋሻ ውስጥ ያልፋል። መነሻውና መድረሻው አልተለወጠም፤ ድካሙ ግን ቀነሰ። በኬሚስትሪ እንደዚህ ያለውን ዋሻ የሚከፍተው አፋጣኝ ንጥረ ነገር፣ ማለትም ካታሊስት ነው፤ በኤሌክትሪክ ኃይል ለሚካሄድ ውህደትና ስንጠቃ የሚያገለግለው ደግሞ ኤሌክትሮካታሊስት ይባላል።

ችግሩ ምርጥ ከሚባሉት አፋጣኞች ውስጥ ፕላቲነምና ኢሪዲየም መገኘታቸው ነው። ኢሪዲየም በዓለም ሁሉ በዓመት የሚመረተው ከ10 ቶን በታች ነው፤ አብዛኛውም ከደቡብ አፍሪካ ይወጣል። የሰው ልጅ የኃይል ዕጣ ፈንታ በእንዲህ ያለ ብርቅ ብረት ላይ ሊመሠረት አይችልም። ስለዚህ የኬሚስቶች ጥረት እንደ ኒኬል፣ ብረትና ኮባልት ያሉ በየሀገሩ የሚገኙ ንጥረ ነገሮችን ለዚህ ሥራ ማብቃት ነው። ከያጊ ጋር የንጉሥ ፈይሰልን ሽልማት የተጋሩት ግሬትሰል፣ እ.ኤ.አ. በ2014 ከባልደረቦቻቸው ጋር ኒኬልና ብረትን አዋሕደው በፔሮቭስካይት የፀሐይ ሕዋስ ኃይል ውሃን ሰንጥቀዋል፤ ከፀሐይ ብርሃን 12.3 በመቶውን ወደ ሃይድሮጅን ለወጡ።

ያጊም በዚሁ መስክ ድርሻ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2015 ከበርክሌይ ባልደረቦቻቸው ጋር ባወጡት ጥናት፣ በመካከላቸው ኮባልት የያዙ ሞለኪውሎችን እንደ ወንፊት ባለ ባዶ መዋቅር ውስጥ አያይዘው ካርቦን ዳይኦክሳይድን በውሃ ውስጥ ወደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ለወጡ። ካርቦን ሞኖክሳይድ መርዛማ ጋዝ ቢሆንም ለነዳጅና ለልዩ ልዩ ኬሚካሎች መሥሪያ ነው። ከገባው ኤሌክትሪክ 90 በመቶው ለተፈለገው ሥራ ዋለ፤ መዋቅሩም ሞለኪውሉ ብቻውን ከሚሠራው 26 እጥፍ የበለጠ ሠራ። ያው ኮባልት፣ ያው ሞለኪውል፤ የተለወጠው አሰላለፉ ብቻ ነበር።

የምስክሩ ጥያቄ

ይህን ሁሉ ስናነብ ከመቸኮል መቆጠብ ይገባል። በኃይለኛ የኤሌክትሪክ ግፊትና በአልካላይ ውሃ ውስጥ ብዙዎቹ ሞፎች አይጸኑም። ክሪስታላቸው ፈርሶ ወደ ብረት ሃይድሮክሳይድ ይለወጣሉ፤ ሥራውን የሚሠራውም ብዙ ጊዜ ይኸው ከፍርስራሹ የተገኘው ቁስ ነው። ከዚህም ሌላ ሞፎች በአብዛኛው ኤሌክትሪክን በደንብ አያስተላልፉም። በቤተ ሙከራ ለአንድ ቀን የጸና ቁስ በፋብሪካ ለዐሥር ሺዎች ሰዓታት መጽናት ይጠበቅበታል። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ብዙ ተስፋዎች የቀሩበት በረሃ ነው።

ኬሚስቶቹ ራሳቸው ይህንን ያውቃሉ፤ ስለዚህም ለማረጋገጥ የሚሄዱበት መንገድ የሐዲስ ሊቃውንትን ያስታውሳል። የሐዲስ ሊቅ አንድ ቃል ሲሰማ ከማጽደቁ በፊት «ከማን ሰማኸው? እርሱስ ከማን?» እያለ የዘጋቢዎቹን ሰንሰለት ይመረምራል። ኬሚስቱም ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነዳጅ ተገኘ ሲባል «ካርቦኑ የመጣው ከጋዙ ነው ወይስ ራሱ ካታሊስቱ እየፈረሰ ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ለዚህም ክብደቱ ከተለመደው የሚለይ፣ ካርቦን 13 የተባለ አተም ያለበትን ጋዝ ያስገባል። ምልክት ያለው አተም በምርቱ ውስጥ ከተገኘ ምስክርነቱ ጸንቷል፤ ካልተገኘ ግን ግኝቱ ውድቅ ይሆናል። የአንድ ሳይንቲስት ተጽዕኖ በጥናቶቹ ብዛት ብቻ የማይለካውም በዚህ ምክንያት ነው፤ ሌሎች ደግመው ሠርተውት የቆመለት ሥራ ነው የሚመዘነው።

የሐረም ጥላና ውሃ

በመካና በጅዳ የውሃ ታሪክ ዘወትር የጥበብ ታሪክ ነው። ከሐጀር ሩጫና ከዘምዘም ጀምሮ የዚህች ምድር ክብር ከውሃ ጋር የተሳሰረ ነው። የኸሊፋ ሃሩን አር-ረሺድ ባለቤት ዙበይዳ ለሑጃጆች ያስቆፈሩት የውሃ መስመር እስከ ዛሬ በስማቸው ይጠራል። በጅዳ እ.ኤ.አ. በ1907 የባሕር ውሃን በእንፋሎት የሚያጠራ መሣሪያ ሥራ ላይ ዋለ፤ ሕዝቡ «ከንዳሳ» ብሎ ሰየመው። ንጉሥ ዐብዱልዐዚዝም በ1928 ለከተማዋና ለሑጃጆች ሁለት ተጨማሪ መሣሪያዎች አስመጡ። በ1947 ደግሞ ውሃ ከዋዲ ፋጢማ በቧንቧ ወደ ጅዳ ደረሰ።

ዛሬ ፈተናው ሙቀትም ጭምር ነው። በ2024ቱ የሐጅ ወቅት፣ ሰኔ አጋማሽ ላይ፣ በታላቁ መስጊድ አካባቢ ሙቀቱ 51.8 ዲግሪ ደረሰ። የሳዑዲ ባለ ሥልጣናት እንዳስታወቁት በዚያ ሐጅ 1,301 ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል፤ 83 በመቶ የሚሆኑት ያለ ፈቃድ የመጡ፣ መጠለያና ማረፊያ ሳያገኙ በፀሐይ ረጅም መንገድ የተጓዙ ነበሩ። አላህ ይዘንላቸው። በሐረም ውስጥ የሚሰግደው ሰው ቅዝቃዜ የሚያገኘው በአጅያድና በሻሚያ ከተተከሉት ግዙፍ የማቀዝቀዣ ጣቢያዎች ነው። እያንዳንዱ የቅዝቃዜ ሰዓት ደግሞ ኤሌክትሪክ ነው። ኤሌክትሪኩ ከነዳጅ ሲመነጭ ሙቀቱን የሚያባብስ ጋዝ ይለቀቃል፤ ከፀሐይ ሲመነጭ ግን ይህ አዙሪት ይሰበራል። መንግሥቱ እ.ኤ.አ. በ2030 ከኤሌክትሪክ ምርቱ ግማሹን ከታዳሽ ምንጮች ለማግኘት ያወጣው ዕቅድ ከዚህ አንጻር ሲታይ የሑጃጆች ሕይወት ጉዳይም ነው።

ከአየር ላይ ውሃ የሚለቅመው የያጊ ሥራም እዚህ ላይ ይነሣል። እ.ኤ.አ. በ2019 ከአሉሚኒየም የተሠራ አንድ ሞፍ በአሜሪካ የሞሃቬ በረሃ ተፈትኖ በኪሎ ግራም በቀን 0.7 ሊትር ውሃ ሰጠ። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ለአንድ ቤተሰብ 20 ሊትር ለማግኘት 30 ኪሎ ግራም ገደማ ቁስ ያስፈልጋል። ይህ ሹዐይባን አይተካም፤ ሚሊዮኖችን የሚያጠጣ ከተማም አይመሠረትበትም። ነገር ግን ቧንቧ ለማይደርስበት፣ የውሃ ቦቴ መንገድ ለሌለው የአፋርና የሶማሌ አርብቶ አደር መንደር ትርጉሙ ሌላ ነው። በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ጎህ ሳይቀድ ይነሣ የነበረው ልጅ አድጎ ለዚያ ዓይነት መንደር ማሰቡ አያስደንቅም።

ከኒዮም ወደ ጎጃም ማሳ

ይህ ሁሉ ለሐበሻ አንባቢ ምን ይፈይዳል? መልሱ በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ አለ። የኢትዮጵያ ገበሬ በጤፍና በስንዴ ማሳው ላይ የሚበትነው ዩሪያ የሚሠራው ከአሞኒያ ነው፤ አሞኒያ ደግሞ ከናይትሮጅንና ከሃይድሮጅን ይሠራል። በዓለም ላይ አብዛኛው የዚህ ሃይድሮጅን ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል ይወጣል። የጋዝ ዋጋ በተወደደ ቁጥር የጎጃምና የአርሲ ገበሬ ኪስ ይራቆታል።

በሰሜን ምዕራብ ሳዑዲ ዓረቢያ በኒዮም እየተገነባ ያለው ፋብሪካ ይህንን መንገድ ለመቀየር የታሰበ ነው። 8.4 ቢሊዮን ዶላር የተመደበለት ይህ ሥራ ወደ 4 ጊጋ ዋት ከሚጠጋ የፀሐይና የነፋስ ኃይል በቀን እስከ 600 ቶን ሃይድሮጅን እንዲያወጣና በዓመት እስከ 1.2 ሚሊዮን ቶን አሞኒያ እንዲያመርት ታቅዷል። ኢትዮጵያም በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር በጎዴ በዓመት 3 ሚሊዮን ቶን ዩሪያ የሚያመርት ፋብሪካ ለመገንባት ተስማምታለች፤ እርሱ ግን የሚሠራው በተፈጥሮ ጋዝ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። በውሃ ኃይል ውሃን ሰንጥቆ ማዳበሪያ መሥራት ለነገው ትውልድ የተተወ የቤት ሥራ ነው፤ የሚያዋጣ የሚሆነውም ካታሊስቱ ርካሽና ጽኑ ሲሆን ነው።

ለዚህ የቤት ሥራ የሐበሻ ልጅ እጅ ባዶ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1966 በአዲስ አበባ የተወለዱት ፕሮፌሰር ሶስና ኃይሌ በኃይል ቁሶች ምርምር ስማቸው ከሚጠራ ሊቃውንት አንዷ ናቸው። አባታቸው የግእዝ ብራናዎች ሊቅ የነበሩት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ናቸው። በ1975 የደርግ ወታደሮች ቤታቸው ድረስ መጥተው በጥይት አቆሰሏቸው፤ ከዚያ ወዲህ እስከ ዕለተ ሞታቸው በተሽከርካሪ ወንበር ኖሩ። ቤተሰቡ ተሰድዶ በአሜሪካ ሚኒሶታ ሰፈረ። ሶስና በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተምረው፣ እ.ኤ.አ. በ2001 አዲስ ዓይነት የነዳጅ ሕዋስ ከጠጣር አሲድ መሥራት እንደሚቻል አሳዩ። በ2010 ከባልደረቦቻቸው ጋር በተከማቸ የፀሐይ ሙቀት ከውሃና ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ነዳጅ አወጡ። በ2020 ደግሞ በኖርዝዌስተርን ዩኒቨርሲቲ ቡድናቸው አሞኒያን በኤሌክትሪክ በ250 ዲግሪ ሙቀት ሰንጥቆ ንጹሕ ሃይድሮጅን ማውጣት ቻለ። እንግዲህ በቀይ ባሕር ማዶ ሃይድሮጅን አሞኒያ ሆኖ በመርከብ ይጫናል፤ ከአሞኒያው ውስጥ ሃይድሮጅኑን መልሶ ለማውጣት ከሚደክሙት መካከልም የአዲስ አበባ ተወላጅ አሉ።

ያጊና ሶስና ሁለቱም የስደተኛ ልጆች ናቸው። አንዱ ከመጻሕፍት መደርደሪያ፣ ሌላዋ ከብራና ሊቅ ቤት ተነሡ። በሁለቱም ሕይወት ውስጥ ሳይንሱን የወለደው ሀብት አልነበረም፤ የተከፈተ መጽሐፍ፣ «ተማር፣ ተማሪ» የሚል ወላጅና የተቀበለ ሀገር ነበር። በጅዳና በመካ፣ በሪያድና በጣኢፍ የሚኖሩ በርካታ ኢትዮጵያውያን ወላጆች ከደመወዛቸው ቆጥበው ልጆቻቸውን የሚያስተምሩት ሊያዩት ለማይችሉት ፍሬ ነው። የያጊ አባት ከስድስተኛ ክፍል ሳያልፉ ልጃቸውን በ15 ዓመቱ ውቅያኖስ ሲያሻግሩ ያደረጉት ይህንኑ ነበር።

ከ14 ክፍለ ዘመናት በፊት በሹዐይባ የተሳፈሩት ስደተኞች ይዘው የሄዱት ወርቅና ብር አልነበረም። የተቀበላቸው ሀገር ፍትሕ ሰጣቸው፤ እነርሱም ሰላም ባገኙ ጊዜ ወደ ባልንጀሮቻቸው ተመለሱ። በዚያው ጠረፍ ዛሬ የፀሐይ መስታወቶች በየጠዋቱ ወደ ምሥራቅ ሲዞሩ፣ የባሕሩ ውሃ በማጣሪያው ሲያልፍ፣ ከቱወል እስከ በርክሌይ ያሉ ኬሚስቶች ከውሃ ላይ የሚባክነውን ግማሽ ቮልት ለማስቀረት ይደክማሉ። ግማሽ ቮልት ትንሽ ይመስላል። በሐረም ጥላ ሥር ለሚያርፈው ሐጅና በጎጃም ማሳ ላይ ማዳበሪያ ለሚበትነው ገበሬ ግን ትንሽ አይደለም።